አራተኛዋ ወንበር

ዲሬክተሩን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽም። የጥናቱ ሰዎች በየሳምንቱ ስለ ይቅርታ ያውሩ፤ እኔ ግን ስሙ ሲነሳ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከቤት የምትወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው አዳራሽ ዐሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር በክብ ይደረደራል። በሳምንት ዐሥራ ሁለት ቁጥር ይጠናል፤ ከበሩ ጀምሮ ሁሉም አንድ አንድ ቁጥር ያነባል፣ ከዚያ ውይይት ነው። በውይይት እናቴን የሚያክላት የለም። የቀድሞው መሪ ክርክር ሲጠናበት "እስቲ እናታችን ምን ይላሉ?" ይል ነበር።

ዘዴው የእኔ ነው። የሚጠናው ክፍል ከሳምንት በፊት ይነገራል። እናቴ ከሁሉም ቀድማ ሄዳ ከበሩ አራተኛዋን ወንበር ትይዛለች፤ ስለዚህ የሚደርሳት አራተኛው ቁጥር ነው። ሰኞ ከሥራ በኋላ እኔ የደንበኛ ቀሚስ እየሰፋሁ አነብላታለሁ፣ እሷ ቁልፍ እየተከለች ትሸመድዳለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልሳተችም። እኔም በብልጠቴ ኮራ ብዬ ኖርኩ።

ባለፈው ወር የቀድሞው መሪ ለቀቀና ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዲሬክተር ተተካ። የመጀመሪያ ቀኑ ላይ በባርኔጣው ቁራጭ ወረቀቶች ይዞ መጣ።

"ሰው የራሱን ቁጥር ብቻ እየጠበቀ የሌላውን አያዳምጥም። ከዛሬ ጀምሮ በዕጣ ነው።"

ያን ቀን ሥራ ቀሎልኝ እናቴን ልወስዳት ቀደም ብዬ ደርሼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ለእናቴ ዘጠኝ ወጣላት። ቁጥር ታውቃለች፤ ፊደሉ ነው ጠላቷ። ተራዋ ሲደርስ መጽሐፏን ገለጠች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አስኬደች፣ ከዚያ ያጠናችውን አራተኛውን ቁጥር ጥርት አድርጋ በቃሏ አለችው። ሌላ ምን ታድርግ? ያላት እሱ ብቻ ነው።

"እማማ፣ ይሄ ቅድም ተነቧል" አለ ዲሬክተሩ።

"መነጽሬን ረስቼ ነው፣ ልጄ።"

"መነጽርዎ እኮ ዓይንዎ ላይ ነው!"

አዳራሹ ሳቀ። በዚህ ቢበቃው ምን ነበረበት! ተነስቶ አጠገቧ ሄደና "እስቲ የዘጠኝን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ያንብቡልኝ" አለ። እናቴ አንገቷን ደፋች።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ገባሁ። አንቱ ማለቱም ጠፋኝ።

"ተማሪህ መሰለችህ? እናትህን በምታክል ሴት!"

"ተረጋጊ እንጂ እህቴ። ማንበብ አለመቻል እኮ ነውር አይደለም።"

ይኸው! እስከዚያ ያልገባው ሰው ቢኖር አሁን ገባው።

"ነውር ካልሆነ ለምን አሳቅህባት?"

መልስ አልጠበቅኩም። ቦርሳዋን በአንድ እጄ፣ እሷን በሌላው ይዤ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ዲሬክተሩን ከነዘር ማንዘሩ ስረግመው ሄድኩ።

"እማዬ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ አትደርሺም!"

እጇን መንጭቃ ቆመች። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"የመጀመሪያው ሰኞ ፊደል አስቆጥሪኝ አላልኩሽም?"

"እማዬ፣ አሁን እሱን ምን…"

"ምን አልሽኝ? 'ጊዜ የለኝም፣ ሸምድጂው፣ እሱ ይቀላል' አልሽኝ። በዓመቱም ጠየቅኩሽ። ስፌት በዝቶብኛል አልሽ። ከዚያ በኋላ መጠየቁ ራሱ አሳፈረኝ።"

በእጄ ያለው ቀሚስ ሁልጊዜ ነገ የሚረከቡት ነበር። እሷን ማሸምደድ ግን ዐሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

"እሱ አንድ ቀን ነው ያዋረደኝ" አለች። "አንቺ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስትደብቂኝ ኖርሽ።"

"ላንቺው ብዬ እኮ ነው!"

"አሁን ሁሉም አውቋል። ከእነሱ አንዱ ያስተምረኛል።"

ቦርሳዋን ከእጄ ነጥቃ ወደ አዳራሹ ተመለሰች።