የእንቁ ጾም

ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እንቁ ትጮሃለች። ሲብስባት በአገውኛ ነው የምትጮኸው። እናቷ ደብሪቱ የልጇን እግሮች በነጠላዋ ጠቅልላ፣ "ቀስ በል፣ ወንድሜ! አጥንቷን ነው የሚያማት!" ትላለች። ሹፌሩስ ምን ያድርግ? ከዘንገና መንደሮች እስከ አስፋልቱ ያለው የነሐሴ ጭቃ ቀስ አያስብልም።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ እንቁ የወደቀችው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ቅዳሴ ስትጠብቅ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

ሐምሌ ላይ ደሟን የመረመረ የክሊኒክ ባለሙያ "የደም ቅባቷ ከፍ ብሏል" ብሎ ነበር። ደብሪቱ ልጇን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያሠቃያት ነገር ተገኘ ብላ እልል አለች። ቅቤውንም ወተቱንም ነፈገቻት። ፍልሰታ ሲገባማ "ጾሙ ቅባቱን ያጥብልሻል፣ ያድንሻል" ብላ ከቆራቢ ሕፃናት ጋር አሰለፈቻት። የንስሐ አባታቸው "በሽተኛ ናት፣ ጾም የለባትም" ቢሏትም አልሰማችም። ደብሪቱ አንዴ ካመነች ቄስም አይመልሳት።

እንጅባራ ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ደም ሥር ፍለጋ የእንቁን ሁለቱንም ክንዶች ወጋግታ አጣች።

"ቅቤ ካየች ወር አልፏታል፣ ዶክተር!" አለች ደብሪቱ። "ቅባቱ አሁንም አልወረደላትም?"

ዶክተር መሳፍንት ከእንቁ ጣት የተወሰደውን የደም ውጤት እንደያዘ ግራ ገብቶት አያት። "ከቅቤው ምን አጣላዎት፣ እናቴ? በሽታዋ ሲክል ሴል ነው፤ ደሟ እንደ ማጭድ እየጎበጠ ይፈርሳል። ቅባቱም ከበሽታው ጋር የሚመጣ እንጂ ከእናንተ ቅቤ አይደለም። ውሃ ሲያንሳት ደግሞ የጎበጠው ደም መተላለፊያውን ይዘጋል፤ የሚያስጮኻት እሱ ነው።"

"እኔ ነኛ ያሳመምኳት?"

"ብርዱም አለ" አለ ዶክተሩ። ደግ ሰው ነው፤ ውሸት ግን አልሆነለትም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። እሷስ ስትለቅም ልጇን ልትገድል ነበር።

"ደም ሥሯ እስኪገኝ በአፏ ትጠጣ፤ አሁኑኑ" አለ ዶክተሩ። "ሕመሙ ወደ ደረቷ ከወጣ እዚህ አንችለውም።"

ደብሪቱ የፕላስቲክ ውሃ ከፍታ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች። እንቁ ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ጠጪ፣ የእኔ ልጅ።"

"ቅዳሴ አልወጣም።"

"አሞሻል እኮ። እግዜር ያውቃል።"

"ጾሙ ያድንሻል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ከጠጣሁ አልድንም።"

"ተሳስቼ ነው፣ እንቁ።"

"ላንቺማ ምን አለብሽ፤ አንቺ እየጾምሽ ነው!" አለችና አቃሰተች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ደብሪቱ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከፍልሰታ አንዲት ቀን አጉድላ አታውቅም። አርግዛም፣ አራስ ሆናም ጾማዋለች። በመንደሩ የምትኮራበት ሌላ ነገርም የላት። እንባዋ መጣ። ከልጇ አልጋ ማዶ የተቀመጠች አስታማሚ ነጠላዋን አስተካክላ ታያታለች።

"ዙሪማ፣ እዪኝ" አለቻት።

እንቁ ዞረች። ደብሪቱ አማተበችና ውሃውን ወደ ራሷ አፍ አነሣችው። ልጇ ዓይኗን ሳትነቅል እያየቻት ግማሹን ጠጣች፤ ቀሪውንም አቀበለቻት።