ቀኝ እጁ የመረጠው ፓድ

ነጎድጓድ ብለው ስም ያወጡለት የባንዱ ጓደኞቹ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ድራም ሲመታ ኖሯል። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ስትሮክ ጣለው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ቀኝ እጁ ግን እንዳኮረፈ ዘመድ ሆነች። ስትጠራ ትመጣለች፣ ግን ዘግይታ፤ ያስያዟትን ትይዛለች፣ ግን ላላ አድርጋ። የድራም መምቻ ዱላው ከጣቶቹ እየሾለከ መሬት ሲወድቅ ቅስሙ ተሰበረና ድራሙን ጨርቅ አልብሶ ወደ ጥግ ገፋው።

ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛው ግን ዝም ብሎ አልተወውም። አንድ ቀን አሮጌ ሳምፕለር ይዞለት መጣ። ድምፅ ቀድታ የምታስቀምጥ፣ ትንንሽ ቁልፎቿ ሲነኩ ደግሞ የቀዳችውን መልሳ የምታሰማ መሣሪያ ናት። ጓደኛው የነጎድጓድን ድራም ገልጦ እያንዳንዱን እየመታ ድምፁን ሁሉ አስገባባት።

"ይኸው፣ ድራምህ ያለው እዚህ ውስጥ ነው" አለው። "ቁልፎቿ የጥፍር ያህል ናቸው፤ ላንተ አይሆኑም። ሰፋ ያለ፣ በእጅ የሚመታ ፓድ ፈልግና በገመድ አገናኛቸው። አንተ ፓዱን ትመታለህ፣ ድምፁ ከሷ ይወጣል።"

ነጎድጓድ ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ሲፈልግ ከረመ። በመጨረሻ ልቡ የሸፈተው ስልሳ አራት ፓድ ባለው፣ በተነካ ቁጥር ቀለሙን በሚቀያይር አንድ መሣሪያ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ እህቱ አብራው ልትሄድ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። ለሙዚቃ ደንታ የላትም፤ ለወንድሟ ግን፣ ከታመመ ጀምሮ አብራው ያልተሰለፈችበት ሐኪም ቤት የለም። ሊወጡ ሲሉ ሳምፕለሯን በፎጣ ጠቅልላ ዘንቢል ውስጥ ስትከት አያት።

"እትዬ፣ እሱን ምን ልታደርጊው ነው?"

"እኔ ለሸሚዝ ቁልፍ ስገዛ ሸሚዙን ይዤ ነው የምሄደው።"

"ያሳፍራል እኮ።"

"አንተ እፈር፣ እኔ እሸከማለሁ።"

የሙዚቃ ዕቃ መደብሩ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ ወጣት ሻጭ ተቀበለቻቸው። ነጎድጓድ በቀጥታ ወደዚያ መብራታም ፓድ ጠቆመ። ሻጯ ስትከፍተው ፓዶቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያሉ ተንቦገቦጉ።

"ይሄ የትራፊክ መብራት ነው ወይስ የሙዚቃ ዕቃ?" አለች እህቱ።

ሻጯ ፈገግ ብላ፣ "ጋሼ፣ ከምን ጋር ነው የሚያገናኙት?" ስትል ጠየቀችው። እሱ ቃል ሳይተነፍስ እህቱ ፎጣውን ፈታች። ሻጯ ሳምፕለሯን አገላብጣ ጀርባዋን አየች።

"ይቺ የምትቀበለው በዚህ ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ ሶኬት ነው። ሚዲ ይባላል። መብራታሙ ደግሞ የሚሠራው በዩኤስቢ ብቻ ነው፤ መሃላቸው ኮምፒውተር ካልገባ አይግባቡም። ብሸጥልዎት ነገ ተናደው መመለስዎ ነው።"

ክብ ሶኬት ያለው፣ አሥራ ስድስት ፓድ ያለው ሌላ አመጣችለት። በግራ እጁ ሲሞክረው አንድም አላጎደለ። በቀኝ ሲሞክረው ግን ከአምስት ምት ሁለቱ ብቻ ተሰሙ። ሆድ ባሰውና እጁን ኪሱ ከተተ።

"በቃ እትዬ፣ እንሂድ።"

እህቱ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። "የኔ ልጅ" አለቻት ሻጯን፣ "የኔ የስፌት መኪና ጨርቁ ሲሳሳ ክሩን የማላላበት ነገር አላት። ይሄስ የሚላላ ነገር የለውም?"

"አለው እንጂ" አለች ሻጯ፤ ቀድማ ባለማሰቧ ያፈረች መሰለች። ፓዱ ቀለል ያለ ምትም እንዲሰማ አድርጋ አስተካከለችው። አሁን የነካው ሁሉ ይሰማል፤ ነገር ግን ፓዶቹ ተጠጋግተው የተደረደሩ ስለሆኑ አንዱን ሲመታ እጁ ጎረቤቱንም እየዳሰሰ ሁለቱ አብረው ይጮኻሉ። ሻጯ እጁን ትንሽ ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ አቧራ የጠጣ ዕቃ ይዛ ወጣች። ያገለገለ ነው፤ መብራት የለው፣ ስክሪን የለው። ያሉት ስምንት ፓዶች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው መዳፍ ያክላሉ።

"ማንም ስለማይጠይቀው መደርደሪያ ላይ አላወጣነውም" አለች። "ግን ሶኬቱ ክቡ ነው፤ እያንዳንዱ ፓድ ምን ያህል ቀላል ምት እንደሚሰማም ለብቻው ይስተካከላል።"

ገመዱን አገናኝታ "ይሞክሩት" አለችው። ትልቁን የቤዝ ድራም ጠብቆ ቢመታ ሳምፕለሯ ውስጥ ከድሮ የቀረ ጭብጨባ ወጣ። እህቱ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ፓዱ የሚልከው ቁጥር ሌላ፣ ሳምፕለሯ የምትጠብቀው ሌላ ሆኖ ነው። እናስማማቸዋለን።"

ስምንቱንም እያስተካከለች ሌሎች ደንበኞቿን አስጠብቃ አሥር ደቂቃ ያህል አጎነበሰች። ስትጨርስ ነጎድጓድ በቀኝ እጁ መታ። ከድምፅ ማጉያው የወጣው የገዛ ድራሙ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቀው ድምፅ። ደገመው። እጁ ትንሽ ትዘገያለች፤ ስለዚህ ግራውን እንድትጠብቃት አደረጋትና ምቱ ገጠመ። ሻጯ የቁጥሮቹን ዝርዝር በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። "ከተበላሸብዎ ይደውሉ፣ በስልክ እነግርዎታለሁ" አለችው። ሂሳቡን ከፈለና ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ደጋግሞ እጅ ነሳት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባንዱ ለልምምድ ጠራው። ሁለት ጊዜ ከምት ወጣ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻ፣ እስኪመለስ ድረስ በእግሩ ወለሉን እየመታ ጠበቀው። ሦስተኛውን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተ። ለዕረፍት ሲወጡ ደጃፍ ቆሞ ለእህቱ ደወለ።

"እትዬ፣ አመሰግናለሁ።"

ወዲያ ማዶ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተባብለው አያውቁም።

"ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። እንዲያው ልበልሽ ብዬ ነው።"

"እንግዲያው እኔም ሰምቻለሁ" አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችም። እሱም አልዘጋም፤ ጓደኞቹ እስኪጠሩት ድረስ እዚያው ቆሞ ቆየ።