የሰባተኛው ማሽን ማኅተም

ክንዱ መስቀሏን ያያት ፈረንጁ ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። የሰባተኛውን ማሽን አቧራ ሲጠርግ፣ ከመቆጣጠሪያው ሣጥን ላይ የተንጠለጠለችው የእርሳስ ብረት ማኅተም ወደ ብርሃን ዞረች። ከኩባንያው ፊደሎች በላይ አንዲት ሚጢጢ መስቀል ጉብ ብላለች። ምነው አባባ፣ በዚህኛው ላይ እንኳ ቢተዉአት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣና ዳር ያለው የጆንያ ፋብሪካ ዐሥራ ሁለት ማሽኖች አሉት፤ ሁሉንም የሸጠው አንድ የውጭ ኩባንያ ነው። መሸጡን ሸጠ እንጂ አልለቀቀም። የየማሽኑን ሣጥን በእርሳስ አትሞ፣ ከእኔ ሰው በቀር ማንም እንዳይከፍት፣ ከተከፈተ መለዋወጫ አታገኙም ብሎ አስፈርሟል። ሌላ ሻጭ የለ፣ ሌላ ጠጋኝ የለ። የኩባንያው ሰው፣ ፈረንጁ፣ በስድስት ወር አንዴ ብቅ ይላል፤ ማሽን ከቆመ እሱ እስኪመጣ እንደ ቆመ ነው። የሚቃጠለው ደግሞ ሁልጊዜ ያው አንድ የመዳብ ሽቦ ጥቅል። ዐይኑን በጨው የታጠበ ኩባንያ ነው እንግዲህ።

ታኅሣሥ ላይ፣ አዝመራ ገብቶ ጆንያ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ሰባተኛው ቆመ። ክንዱ ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራ መካኒክ ነው፤ ሦስት ቀን ታገሠ፣ በአራተኛው ማኅተሙን ቆረጠ። ጥቅሉን ከአሮጌ ሞተር ባወጣው ሽቦ ጠመጠመና አሮጌው ጥቅል ተሸፍኖበት የነበረውን የኩባንያውን ወረቀት መልሶ አለበሰው። ማሽኑ ተነሣ። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመኑ ሰው "የኢኮኖሚ አሻጥር" ተብሎ ከሥራው ላይ የሚወሰድበት ነበር፤ ከተወሰዱት የተመለሱት ጥቂት ናቸው።

ታንኳ ይዞ ዘጌ፣ አባቱ ዘንድ ሄደ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ለጣና ዙሪያ አድባራት የናስ ማኅተም ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። "የፋብሪካው ማኅተም ጠፋ፤ በዚህ አምሳል ይቅረጹልኝ" ብሎ የተቆረጠችውን እርሳስ ሰጣቸው። አባቱን ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር። እሳቸው ታዲያ መጀመሪያ መስቀል ሳይቀርጹ እጃቸው ሥራ አይጀምርም፤ በፈረንጁ ፊደል ላይም ያንኑ አደረጉ። ክንዱ በጥድፊያ አተመ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ሙሉ ያቺን ሣጥን ቀና ብሎ ማየት ይፈራ ነበር።

ፈረንጁ ከሥራ አስኪያጁና ከፋብሪካው የጥበቃ ኃላፊ ከጓድ ዳኘው ጋር ገባ። ከአንደኛው ማሽን ጀመረ፤ ማኅተሙን ቆረጠ፣ ወለሉ ላይ ጣለ፣ ሣጥኑን ከፍቶ አየ፣ በአዲስ እርሳስ አተመ። ክንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ያበራለታል። ስድስተኛው ላይ ብርሃኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አመመህ እንዴ?" አለው ዳኘው።

"ብርድ ነው።"

መጋቢት ነበር። በባሕር ዳር መጋቢት ብርድ ብሎ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል?

ሰባተኛው ጋ ደረሱ። ፈረንጁ ቆረጠ፤ ጣለ፤ ዞር ብሎም አላያት። የክንዱ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ፈረንጁ ሁሉንም አይቶ ሲጨርስ ሥራ አስኪያጁ ቃሉን ተረጎመ፦ ከስምንተኛው ጀምሮ አምስቱ ሊቃጠሉ ተቃርበዋል፤ መለዋወጫው እስኪመጣ አራት ወር ይፈጃል፤ ከሁሉ ደኅና የሆነው የሰባተኛው ጥቅል ነው። ክንዱ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ዳኘው ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ አንድ ነገር ሲያነሣ አየ።

ከምሳ በኋላ ዳኘው ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከሐይቁ ደንገል ዳር ጠራው። እርሳሷን በመዳፉ ይዟል።

"ይህቺን መስቀል አውቃታለሁ" አለ። "እናቴ የተቀበረችበት ደብር ማኅተም ላይ አለች። የአባትህ እጅ ናት።"

ክንዱ ለራሱ የፈራውን ሁሉ ረሳው። "የከፈትሁት እኔ ነኝ። የቀረጽሁትም እኔው ነኝ። እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም።"

"አንተ ደግሞ መቼ መቅረጽ ታውቅና?"

"እኔን ይውሰዱኝ፣ ጓድ ዳኘው። እሳቸውን ይተዉልኝ።"

ዳኘው እርሳሷን ሲያገላብጥ ቆየ። "ጆንያ ሲጎድል መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "አምስት ማሽን አራት ወር ቆሞ ምን ብዬ ነው መልስ የምሰጥ? ክፈታቸው። እኔ አላየሁም። አዲስ ማተሚያ ይቅረጹልህ፤ መስቀሉን ግን ይተዉት። ቀጥሎ የሚመጣው ፈረንጅ ዐይን ያለው ከሆነ እኔም አላውቅህም።" እርሳሷን ወደ ጣና ወረወራት።

በማግሥቱ ክንዱ እውነቱን ለአባቱ ተናገረ። መሪጌታ የያዙትን ሥራ አስቀምጠው ጠየቁት።

"ማሽኑን ተውሳችሁት ነው?"

"ገዝተነው ነው፣ አባባ።"

"የገዛችሁትን እንዳትከፍቱ ነው የሚያትመው?"

"አዎ።"

"እንዲያ ከሆነ ብትነግረኝም እቀርጽልህ ነበር። ያስቀየመኝ መዋሸትህ ነው።"

አዲስ ናስ አንሥተው ያለ መስቀል ጀመሩ። የመጀመሪያው ፊደል ተንጋደደ። ሁለተኛ ናስ አነሡ፤ እሱም ተበላሸ። ሦስተኛውን ገልብጠው፣ መዳፍ በሚያርፍበት በጀርባው በኩል መስቀላቸውን ቀረጹ፤ ከዚያ መልሰው ፊደሎቹን ያለ አንዳች እንከን አወጧቸው።

"እርሳሱ ላይ አትወጣም" አሉት። "የምትወጣው በአታሚው እጅ ላይ ነው። ምን እየሠራህ እንደሆነ አትርሳ።"

ክንዱ ስምንተኛውን ከፍቶ ጠገነ፤ እርሳሱን ባለ በሌለ ኃይሉ ተጭኖ አተመ። ማኅተሙ ንጹሕ ነበር። መዳፉን ሲገልጥ መስቀሏ ቀልታ ታትማበታለች። በዚያው ቅጽበት የስብሰባ ደወል ተደወለ። ቀኝ እጁን ጨብጦ ኪሱ ውስጥ ከተተና ከሠራተኛው መሀል ቆመ። ደግነቱ ለመፈክር የሚነሣው የግራ እጅ ነው፤ ቀኙን አሳየን ያለው አልነበረም። ቢሆንም ስብሰባው እስኪበተን ድረስ ከኪሱ አላወጣውም።