አቴንስ፣ ደርሶ መልስ

ወዳጄ ጥላዬ ስልክ ደውሎ «ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ አቴንስ ደርሰን እንምጣ?» ሲለኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሰው እንዴት በሰው ቁስል ይቀልዳል? አቴንስን ለእኔ! አገሬን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ወለል እየወለወልኩ የአሜሪካ ወረቀት የጠበቅኩባትን፣ የግሪኮቹን አቴንስ! እጮኛዬ ነጋሽ ወረቀቱ ቀድሞ ስለደረሰለት አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። በሩ ጋ ሲደርስ «መጣሁ» አለኝ፤ ሁላችንም ስንሄድ እንደምንለው። «ደርሼ እጠራሻለሁ።» ሄደ፤ አልጠራኝም። ዳላስ ሌላ ማግባቱን የሰማሁት ከሰው ነው። ኋላ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆናልኝ አትላንታ ስገባ፣ ሁለተኛ ማንንም ቆሜ አልጠብቅም ብዬ ማልኩ። አውቶቡስ እንኳ ሲዘገይብኝ ትቼው በእግሬ እሄዳለሁ።

ስልኩን ዘግቼ ስንጨረጨር፣ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ስማይርና አብራኝ የምትኖረው ዘውድነሽ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጥላዬ ቅዳሜ አቴንስ ደርሰን እንምጣ ይለኛል! አውሮፕላኑን ራሱ ሊነዳው ነው?»

ዘውድነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ እኮ አቴንስ የሚባል ከተማ አለ። ፈረንጆቹ ኤተንስ የሚሉት።»

ኤተንስንማ አውቃታለሁ። የምሠራበት ሆስፒታል ግማሹ ነርስ የተማረው እዚያ ነው። የአጻጻፋቸውን አንድ መሆን ግን ማን ነግሮኝ? ጥላዬ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ነው የሚሠራው፤ የባቡር ጉዞ ማስታወቂያ እዚያ ግድግዳ ላይ አይቶ፣ የከተማዋን ስም አገር ቤት ጂኦግራፊ ክፍል እንደተማርነው አድርጎ አነበበው። በእንፋሎት የሚሄድ የጥንት ባቡር ነው፤ ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሳል፣ ለሽርሽር። መልሼ ደወልኩለት። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ «ስንት ሰዓት?» ብቻ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ጥላዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ መጣ። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1987 ነው፤ በዚያ ዘመን አትላንታ ውስጥ ሰው ሁሉ በመኪናው ነው የሚሄደው፣ እንዲህ ያለ ባቡር ብርቅ ነው። ባቡሩ ላይ ከሕፃናቱ ይልቅ የፈነጠዙት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የባቡሩ ጭስ በመስኮት እየገባ የጥላዬን ሸሚዝ ሲያጠቁረው፣ በመሀረቤ ልጠርግለት ብዬ ጭራሽ አባባስኩት።

«ተዪው» አለኝ። «አሁን የባቡሩ ሠራተኛ መስያለሁ። ስንመለስ ደሞዝ እጠይቃለሁ።»

ሳቅሁ። በግልጽ ልናገረው፣ ከዚህ ሰው ጋር ስሆን ደስ ይለኛል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ላግባሽ ብሎ ሊጠይቀኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሰው እንዲሁ ለሽርሽር ክራቫት አያስርም።

አቴንስ ስንደርስ ይዞኝ የሄደው አንድ ዛፍ ሊያሳየኝ ነው። ድሮ አንድ ሰውዬ ዛፉን ከመውደዱ የተነሣ፣ ዛፉንም የቆመበትንም መሬት ለራሱ ለዛፉ አውርሶት ሞተ ይባላል።

«ወረቀት አለው ማለት ነው?» አልኩት።

«አለው አሉ።»

«ዛፉ?»

«አዎ፣ ዛፉ።»

እኔ በአንደኛው አቴንስ ወረቀት አጥቼ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ ስቀይር ኖሬ፣ በሁለተኛው አቴንስ ዛፍ ባለወረቀት ሆኖ ይጠብቀኝ! ተናደድኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ ደግሞ እንባዬ ወረደ። ጥላዬ አጠገቤ ቆሞ ዛፉን አየ። ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መዓዛ፣ እኔ እንግዲህ...»

«እዚህ አይሆንም!» አልኩት። «አቴንስ ውስጥ ምንም እንዳትጠይቀኝ። ከጠየቅህም አትላንታ ስንደርስ።»

«እሺ፣ አትላንታ» አለ። ፊቱ ግን ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ውስጥ ገብተን ቦታችንን እንደያዝን፣ የሚጠጣ ነገር ልግዛልሽ ብሎ ተነሣ። በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ።

«መጣሁ» አለኝ።

ያቺ ቃል! ሐበሻ ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ ይላታል። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም። ሰዉ እየገባ ወንበሩ ሞላ፤ ጥላዬ የለም። ባቡሩ ጮኸ፤ ጥላዬ የለም። ተቆጣጣሪው በሮቹን መዝጋት ጀመረ። ዝም ብዬ ብቀመጥ አትላንታ እገባለሁ። እሱም መጣሁ ብሎ የቀረ ሁለተኛው ሰው ይሆናል፤ ለጥያቄው መልስ መፈለግም አይኖርብኝም። መሐላዬም ይጸናል። ግን ደግሞ ያን ጥላሸት የጠጣ ሸሚዙን ለብሶ ባዶ ጣቢያ ላይ ሲቆም ታየኝና አንጀቴን በላው። ቦርሳዬን አንሥቼ ወረድኩ። ሰው ልጠብቅ ወረድኩ፣ እኔ መዓዛ!

እግሬ መሬት ሲነካ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ጣቢያውን በዓይኔ ሳስስ፣ «መዓዛ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ጥላዬ የመጨረሻው ፉርጎ በር ላይ ሁለት የኮካ ጠርሙስ ታቅፎ ቆሟል። ለካ ባቡሩ ሲጮህ ደንግጦ ሮጦ፣ ያገኘው በር ላይ ዘሎ ወጥቷል።

እሱ ላይ፣ እኔ ታች። ይኼን ነገርማ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። አንዱ ይሄዳል፣ አንዷ አቴንስ ትቀራለች። ልሰናበተው እጄን አነሣሁ።

ጥላዬ ግን ዘለለ። ተቆጣጣሪው ከኋላው ጮኸበት። አንዱ ጠርሙስ ተሰበረ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና እያነከሰ ወደ እኔ መጣ።

«መጣሁ ብዬሽ አልነበር?» አለኝ።

ባቡሩ ጭሱን እያንቦለቦለ ሄደ። የተረፈችውን ኮካ ተቀባብለን ጠጣን። «በምን ልንመለስ ነው?» ስለው፣ «አውቶቡስ አይጠፋም። ከጠፋም ዛፉ ያሳድረናል፤ ባለርስት ነው» አለኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

«በይ ተነሽ፣ አትላንታ ገብተን የምጠይቅሽ ነገር አለኝ» አለ።

«እኔ እኮ መጠበቅ አልወድም» አልኩት። «እዚሁ ጠይቀኝ።»