ሕፃን የማይገባበት የማጥቢያ ክፍል

ታናሽ እህቴ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ አንገት ትሰፋለች። ፋብሪካው የማጥቢያ ክፍል አለው፤ ለስላሳ ወንበር፣ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ልጇን ታቅፋ የምትስቅ ሴት ፎቶ። የግቢው በር ላይ ደግሞ «ሕፃን ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ሁለቱንም ያዘዘው አንድ ሰው ነው፤ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው። «በደንቡ መሠረት» ሳይል ምሳውን ስለማይበላ ሠራተኞቹ አቶ ደንቡ ይሉታል።

እህቴ የምታጠባው እንግዲህ ከአጥሩ ውጭ፣ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ነው። አክስታችን በምሳ ሰዓት ልጁን አዝላ ትመጣለች።

«ላም አለኝ በሰማይ ነው የናንተ ክፍል፣» ይላል ዘበኛው፣ በሩን እንደዘጋ።

ልጁ ጡት ያዝ ሲያደርግ ደወል ይጮኻል። አንገት ካልደረሰ እጅጌ ገጣሚዎቹ ይቆማሉ፤ ቦነሱ የጋራ ስለሆነ ከአለቃ ቀድመው የሚቆጡት ጓደኞቿ ናቸው። «አንቺ፣ ላም ነሽ ወይስ ሰፊ?» አለቻት አንዷ፤ የሳቀው ብዙ ነው። ቀሪውን ቀን ልጁ ጡጦ ይጠባል። የእህቴ ወተት ማሽኑ ላይ እየፈሰሰ ቀሚሷን ሲያበሰብስ ከረመና መቀነስ ጀመረ።

«እናታችን እኛን ሮጠን እየመጣን እስክንጠባ አጥብታናለች። እኔ ጥርስ እስኪያበቅል እንኳ ያቅተኝ?» ትላለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ሸሚዙን የሚገዙት እንግዶች ለጉብኝት ሲመጡ እኔን ለአስተርጓሚነት ጠሩኝ። ባሕር ማዶ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ የማገኘው ሥራ በአብዛኛው ሰው ሲዋሽ መተርጎም ነው።

በጉብኝቱ ዋዜማ አቶ ደንቡ እህቴን አስጠራት። «ነገ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ።»

«አይከለከልም እንዴ ጌታዬ?»

«ለነገ ተፈቅዷል። ጥሩ ልብስ አልብሺው። ጡጦ እንዳላይ።»

እህቴ ደስ አላት። አንዴ ከገባ መልሰው አያስወጡትም ብላ ነው።

በማግሥቱ ዘበኛው ሕፃኑን እንደ ሚኒስትር እጅ ነሥቶ አስገባው። እህቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችው። አንዴ ሳበና ፊቱን አዞረ። ደግማ ሰጠችው። ጀርባውን ለጥጦ አለቀሰ።

«አጥቢው እንጂ፣» አለ ደንቡ፣ ጥርሱን ለእንግዶቹ እያሳየ።

«እምቢ አለኝ ጌታዬ።»

«ሻሽ ጣል አድርጊበት። ፎቶ ነው፤ ፎቶ ድምፅ የለው።»

ልጁ ሻሹ ሥር እየጮኸ ፎቶው ተነሣ።

የእንግዶቹ መሪ፣ ሽቶዋ ክፍሉን የሞላው ሴትዮ፣ እናቶች እስከ መቼ እንደሚያጠቡ ጠየቀች።

«እስከፈለጉት ድረስ፣» አለ ደንቡ።

«ልጄ በዚህ በር የገባው ዛሬ ነው። እስከ ትናንት መኪና ሥር ነው ያጠባሁት፣» አለች እህቴ።

ሁለቱንም ተረጎምኩ። ሴትዮዋ በአዘኔታ ራሷን ነቀነቀችና «ባህል ቶሎ አይለወጥም፣» አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳ ሄዱ።

«በይ፣ ልጁን አውጪው፣» አለ ደንቡ።

«ትንሽ ልሞክር። ፀጥ ሲል ይይዝልኝ ይሆናል።»

«መስመሩ ቆሟል። አየነው እኮ፤ የዛሬ ልጅ ጡጦ ነው የሚወደው። ተጠቃሚ ከሌለ ክፍሉን ለቢሮ እፈልገዋለሁ።»

እህቴ ተነሣች። አክስታችን ልጁን በሩ ላይ ተቀበለቻት።

ከሥራ ስትመለስ ጡቷን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አሰረች። «ለሌሊቱም ጡጦ አዘጋጂለት፣» አለቻት አክስታችንን።

«ተይ ልጄ፣ የሌሊቱን እንኳ አትንፈጊው።»

«ሌሊት ከጠባ ቀን ይፈሰኛል። ማሽን ላይ ወተት ስታለብ ልዋል?»

«ዱቄቱ እኮ ለቀን ብቻ ነው የተገዛው።»

«ታዲያ ውሃ ጨምሪበት፣» አለች እህቴ። «ውሃ ገና አልከለከሉንም።»