የራጁ መርገጫ

በመጋቢት፣ በቀዶ ሕክምና መካከል ሲረገጥ ራጅ የሚያነሣው መርገጫ ከአጥንት ሐኪሙ ከዶክተር አፒሳይ እግር ሥር ተነሥቶ ለራጅ አንሺው ለኪሾር ተሰጠ። ነርስ ቪኒያና በደም ካንሰር ያረፈችው በየካቲት ነበር። ሕመሟ ከጨረሩ ይምጣ አይምጣ ያወቀ የለም፤ አፒሳይ ግን የዳሌ ስብራት በጠገነ ቁጥር፣ እሷ ከጎኑ ቆማ ሳለች፣ ልቡ እንዲያርፍ ብቻ ደጋግሞ መርገጡን ያውቃል።

ዛሬ ከታቬዩኒ ደሴት በጀልባ በመጡ አሮጊት ዳሌ ውስጥ ብሎን ሲያስገባ፣ እግሩ ባዶውን ወለል ረገጠ። የሟቿም ድምፅ መጣበት፤ “አጥንቱ ሮጦ ያመልጣል ብለው ነው እንዴ፣ ዶክተር?”

“እግርዎ እያዘዘኝ ነው፤ ላንሣ?” አለ ኪሾር።

አፒሳይ በቪኒያና ቦታ የቆመችውን አዲስ ነርስ አያት።

“አንድ ብቻ ታነሣለህ። መጀመሪያ እሷ ከጨረር መከላከያው ጀርባ ትግባ።”