የዳማ መኝታ

«ተቀመጪ እንጂ መርሃዊት። ሐዘንተኛ አይደለሽ እንዴ?»

ጎረቤታቸው እትዬ ሀብትነሽ ክንዷን ይዘው ወደ ፍራሹ መለሷት። መርሃዊት ተቀመጠች። አባቷ አቶ ሃድጉ ከተቀበሩ ወዲህ በተነሳች ቁጥር ያስቀምጧታል። ውሃ ልቅዳ ስትል ብርጭቆውን ከእጇ ይወስዱባታል። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። እሷም እሺ ትላለች። እሺ ማለት አይከብድም፤ አካሏ ሁሉ የሌላ ሰው ዕቃ ሆኖ አደራ የሰጧት ይመስላታል።

ከድንኳኑ ጀርባ ፈረሱ ወለሉን በእግሩ መታ። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ሰኮና በባዶ ሲሚንቶ ላይ።

«ይኸው ደግሞ ጀመረው» አሉ ከጎተራ ሰፈር ለለቅሶ የመጡት ሴትዮ፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ። «ከቀብሩ ወዲህ አልተኛም አሉ። እንስሳ እኮ ያውቃል፤ ሐዘን ገብቶት ነው።»

«ከሰው ይሻላል» አሉ እትዬ ሀብትነሽ።

«እግሩም አብጧል አሉ።»

መርሃዊት ቀና አለች። ዳማ አርጅቷል። ካዛንቺስ ውስጥ ሙሽራ ሲጫንበት የኖረ ፈረስ ነው፤ እሷን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማራት የእሱ ጀርባ ነው። አሁን ማንም አይጭነውም። አባቷ ግን አንድም ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አሳድረውት አያውቁም። ያረጀ ፈረስ ባዶ ወለል ላይ ከወደቀ አይነሳም ይሉ ነበር።

«ጉዝጓዝ የለውም እንዴ?» አለች።

«ምን?»

«የሚተኛበት።»

«ኧረ የሰፈሩ ልጆች ጋጣውን ጠርገው በኦሞ አጥበውታል» አሉ እትዬ ሀብትነሽ። «ለቅሶ ደራሹን እንዳይሸተው ብለው ነው። ልብስ እንኳ እንዲህ አይታጠብም።»

አንድ ሰው ገብቶ እጇን ጨበጣት። «እግዜር ያጽናሽ። አባትሽ ይወዱሽ ነበር እኮ።» አንገቷን ነቀነቀች። ሁሉም እንዲህ ይላታል። ፍቅራቸውን የት እንዳዩት አታውቅም። አባቷ ዝምተኛ ነበሩ። የተመረቀች ዕለት ዘመድ ሁሉ እየሳመ ሲያለቅስ እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ወደ ጋጣው ገቡ። ተከትላቸው ገባች። መንሹን ሰጧትና ጭዱን አብረው በተኑ። «ግድግዳው ሥር ከፍ አድርጊው ጓለይ፤ ዳማ ሲገለበጥ ግድግዳው ይዞት እንዳይቀር» አሏት፤ ጓለይ በትግርኛቸው ልጄ ነው። ሌላ ምንም አላሉም። አሁን ድምፃቸውን ለመስማት ስትሞክር የሚመጣላት ይኸው ብቻ ነው፦ ከፍ አድርጊው፣ አራግፊው፣ የረጠበውን ለዪው። ሰው አባቱን በዚህ ያስታውሳል?

ጭድ የሚያመጣው ነጋዴ ገና ቅዳሜ ነው የሚደርሰው። ማስቀመጫው ግን ከቀብሩ በፊት ሞልቶ ነበር። የት ሄደ ብላ ስታስብ ዓይኗ የለቅሶተኛው እግር ላይ ወደቀ። በቀብሩ ዕለት ዘንቦ ድንኳኑ ውስጥ ጭቃ ሆኖ ነበር። አሁን ጭቃ የለም። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ጭድ ተነጥፎ ሰዉ ጫማውን አሳርፎበታል።

ተነሳች። እትዬ ሀብትነሽ እጃቸውን ሲዘረጉ አልፋቸው ሄደች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኑሪ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ፊታቸው ቆመች፤ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም።

«ጋሽ ኑሪ፣ እግርዎን ያነሱልኛል?»

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«ጭዱ። የዳማ መኝታ ነው።»

ጋሽ ኑሪ ወደ ታች አዩ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እኔ ነኝ አንጥፉት ያልኳቸው» አሉ። «ለጭቃው ብዬ። ትርፍ መስሎኝ።»

«ኧረ ነውር ነው!» አሉ እትዬ ሀብትነሽ ከኋላ። «ሰው ምን ይላል? ሐዘንተኛ ጎንበስ ብላ ጭድ ስትለቅም!»

«ተያት ሀብትነሽ። ይልቅ አንቺም እግርሽን አንሺ።»

ጋሽ ኑሪ ሁለቱንም እግራቸውን አነሱ። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰውዬ አነሳ፤ ከዚያ የሚቀጥለው። አግዳሚው ሙሉ ሰው እግሩን አንጠለጠለ። መርሃዊት በጉልበቷ እየሄደች ጭዱን ወደ ጥቁር ነጠላዋ ሰበሰበች፤ ጭቃ የያዘውን ትታ ደረቁን ከላይ ከላይ አነሳች።

ጋጣው ውስጥ ዳማ ጆሮውን አዞረ። እየዞረች አራገፈች፣ ግድግዳው ሥር ከፍ አደረገችው፣ መሀሉን አለሰለሰችው። ስታበቃ አባቷ ያደርጉት እንደነበረ አንድ ጉልበቷን ጭዱ ላይ ጫነች። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ዘልቆ ተሰማት።

«አልበቃም» አለች።

በር ላይ ለቅሶተኞቹ ጭድ ታቅፈው ቆመው ነበር። እትዬ ሀብትነሽም መሀላቸው ነበሩ፤ በነጠላቸው ሙሉ ይዘዋል። ከማንም ቀድመው ዘረጉላት። በተነችው። ጉልበቷን መልሳ ጫነች።

ቅዝቃዜው የለም። ልትነሳ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋችና መነሳቱን ተወችው። ሁለተኛውንም ጉልበቷን አሳረፈች።